ንጹሕ እጅ ብቻውን አያስተዳድርም

አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው የሃምሳ ዶላር ኖት እጁ ገብቶ ያውቅ ይሆናል። ኖቱ ላይ ፂማቸው ያጎፈረ፣ ፊታቸው ደከም ያለ አንድ ሰው ይታያሉ። አብዛኞቻችን ዶላሩን ለመመንዘር እንጂ ሰውየውን ለማወቅ አንቸኩልም። እኔ ግን ዛሬ ስለ እሳቸው ላወጋችሁ ነው። ስማቸው ዩሊሰስ ግራንት ይባላል፤ የአሜሪካ 18ኛው ፕሬዚዳንት ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለምን እሳቸውን መረጥክ የሚለኝ አይጠፋም። በአገራችን በየሻይ ቤቱና በየለቅሶ ቤቱ የሚደጋገም አንድ አባባል አለ። መሪው ራሱ ደግ ነው፣ አይሰርቅም፣ ችግሩ ዙሪያውን የከበቡት ናቸው ይባላል። በንጉሡ ዘመን ተብሏል፤ ከዚያም ወዲህ ሲባል ሰምተናል። እኔም በወጣትነቴ ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ። ሕግ የተማርኩ በመሆኔ ደግሞ ሰው በራሱ ጥፋት እንጂ በባልንጀራው ጥፋት አይጠየቅም የሚለውን መርህ እየጠቀስኩ አባባሉን የማጠናክረው እኔው ነበርኩ። የግራንትን ሕይወት ካወቅሁ በኋላ ግን በዚህ መከራከር አቆምኩ። ምክንያቱን ላስረዳ።

ግራንት በ1822 በኦሃዮ ግዛት ተወለዱ። አባታቸው ቆዳ እያለፉ የሚሸጡ ነበሩ። በእኛ አገር ቢሆን ፋቂ እየተባለ የሚናቅ ሙያ መሆኑ ነው። ልጅየው የቆዳውን ሽታና ደሙን አጥብቀው ይጠሉ ነበር፤ የሚወዱት ፈረስ ብቻ ነበር። በ17 ዓመታቸው አባታቸው ዌስት ፖይንት ወደሚባለው የጦር አካዳሚ ላኳቸው። በ1843 ሲመረቁ ከ39 ተማሪዎች 21ኛ ወጡ። ከሜክሲኮ ጋር በተደረገው ጦርነት በጀግንነት ተዋጉ። በ1848 ጁሊያ የምትባል ልጅ አገቡ። ከቤተሰባቸው ርቀው ካሊፎርኒያ ሲመደቡ ግን ብቸኝነቱ ጎዳቸው፣ ከመጠጥ ጋር ስማቸው ተነሳ፣ በ1854 ሠራዊቱን ለቀቁ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሰባት ዓመታት የውድቀት ዓመታት ነበሩ። እርሻ ሞከሩ፣ አልሆነም። በሴንት ሉዊስ ከተማ ጎዳናዎች ማገዶ እየዞሩ ሸጡ። የእጅ ሰዓታቸውን በወለድ አገድ አስይዘው ገንዘብ የተበደሩበት ጊዜም ነበር። በዚህ ችግር ውስጥ ሳሉ ያደረጉት አንድ ነገር ግን ማንነታቸውን ያሳያል። የሚስታቸው ቤተሰብ ባሪያ አሳዳሪ ነበር፤ ግራንትም ዊሊያም ጆንስ የሚባል አንድ ሰው በባርነት በእጃቸው ነበር። ሸጠውት ዕዳቸውን መክፈል ይችሉ ነበር። በማርች 1859 ፍርድ ቤት ሄደው የነፃነቱን ወረቀት ፈረሙለት። ይህን ያደረጉት ገንዘብ በጣም በሚያስፈልጋቸው ጊዜ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ለገንዘብ የሚሳሳ አልነበረም።

በ1861 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲፈነዳ በአባታቸው የቆዳ ሱቅ ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። በ3 ዓመት ውስጥ የሰሜኑ ጦር ሁሉ ጠቅላይ አዛዥ ሆኑ። በጁላይ 1863 ቪክስበርግን ከ47 ቀናት ከበባ በኋላ አስለቀቁ። በአፕሪል 1865 የደቡቡ ጦር መሪ ጄኔራል ሮበርት ሊ እጃቸውን የሰጡት ለእሳቸው ነው። ግራንት የተሸነፈውን ጦር አላዋረዱም፤ ወታደሮቹ ፈረሶቻቸውን ይዘው ወደ እርሻቸው እንዲመለሱ ፈቀዱ። አገሩ በ1868 በ46 ዓመታቸው ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጣቸው።

አበው ከእንጨት መርጦ ለታቦት፣ ከሰው መርጦ ለሹመት ይላሉ። ግራንት በጦር ሜዳ ሰው መምረጥ ያውቁበት ነበር። በዋሽንግተን ግን የመምረጫ ሚዛናቸው ሌላ ሆነ። በጦርነቱ አብሯቸው የነበረ፣ በችግራቸው ጊዜ ያልከዳቸው፣ በዝምድና የቀረባቸው ሁሉ ታማኝ መሰላቸው። በጦር ሜዳ የተፈተነ ጓደኝነት በግምጃ ቤት ቁልፍ ፊት እንደገና መፈተን እንዳለበት አላሰቡም።

የመጀመሪያው ጣጣ ለመምጣት ሰባት ወር እንኳ አልፈጀበትም። ጄይ ጉልድና ጂም ፊስክ የተባሉ ሁለት የኒውዮርክ ባለሀብቶች የአገሪቱን የወርቅ ገበያ ጠቅልለው ለመያዝ አሴሩ። ዕቅዱ የሚሠራው መንግሥት ወርቁን ካልሸጠ ብቻ ስለነበር የፕሬዚዳንቱን እህት ያገባውን አቤል ኮርቢንን በጥቅም ያዙት። ኮርቢን አማቹን እያግባባ፣ እነ ጉልድ ወርቅ እየገዙ ከረሙ። ግራንት ነገሩ ሲገባቸው በሴፕቴምበር 24 ቀን 1869 የ4 ሚሊዮን ዶላር ወርቅ እንዲሸጥ አዘዙ። ዋጋው በደቂቃዎች ውስጥ ተንኮታኮተ። ብዙ ነጋዴ ከሰረ፤ ቀኑም ጥቁር ዓርብ ተባለ። ምክር ቤቱ ባደረገው ምርመራ ፕሬዚዳንቱ ነፃ ሆነው ተገኙ። ይሁን እንጂ ሕዝቡ የፕሬዚዳንቱ ቤት በር በዘመድ በኩል እንደሚከፈት አወቀ።

ከዚያ በኋላ ቅሌቱ ተከታተለ። በ1872 ክሬዲ ሞቢሊዬ የሚባለው የባቡር ኩባንያ ጉዳይ በጋዜጣ ወጣ። ኩባንያው አክሲዮን በርካሽ ያደላቸው የምክር ቤት አባላት ስም ሲዘረዘር የምክትል ፕሬዚዳንቱም ስም ነበረበት። ነገሩ የተፈጸመው ከግራንት ሹመት በፊት ቢሆንም ዕዳው ለእሳቸው ዘመን ተቆጠረ። በማርች 1873 ምክር ቤቱ የራሱን ደመወዝ ወደ ኋላ ሁለት ዓመት ተመልሶ ጨመረ፤ ግራንትም ፈረሙ። የእሳቸውም ደመወዝ ከ25 ሺህ ወደ 50 ሺህ ዶላር አደገ። ሰባት ወር ሳይሞላ ባንኮች ተዘጉ፣ ፋብሪካ ቆመ፣ ሠራተኛው ጎዳና ላይ ወጣ። የራበው ሕዝብ ደመወዙን እጥፍ ያደረገ መሪን በምን ዓይን እንደሚያይ መናገር አያሻም። በ1874ቱ ምርጫ የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ ከጦርነቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወካዮች ምክር ቤቱን አጣ።

የሕግ ሰውን ልብ የሚነካው ግን የውስኪው ጉዳይ ነው። የውስኪ ፋብሪካዎች የሚከፍሉት የኤክሳይስ ታክስ ነበር። በሴንት ሉዊስና በሌሎች ከተሞች ፋብሪካዎቹ ታክሱን ሳይከፍሉ፣ የተወሰነውን ለታክስ ሹሞች በጉቦ እያካፈሉ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ከመንግሥት ካዝና አስቀሩ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ማለት በእኛ አገር ብቻ ያለ ፈሊጥ እንዳይመስላችሁ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ቤንጃሚን ብሪስቶው በሜይ 1875 በድንገተኛ ፍተሻ ያዟቸው። 110 ሰዎች ተፈረደባቸው፤ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተመለሰ። ግራንት መጀመሪያ ላይ ጥፋተኛ የሆነ ሁሉ ማንም ይሁን ማን እንዳያመልጥ አዘው፣ ለሴንት ሉዊሱ ክስ ጆን ሄንደርሰንን ልዩ ዐቃቤ ሕግ አድርገው አሾሙ። እስከዚህ ድረስ የሚያስመሰግን ነው።

ክሱ ግን ወደ ላይ ወጣ፤ ወጥቶም የፕሬዚዳንቱ የግል ጸሐፊ ኦርቪል ባብኮክ ጋ ደረሰ። ባብኮክ ከጦርነቱ ጀምሮ አብሯቸው የነበረ መኮንን ነው። ያኔ የትናንቱ ትእዛዝ ተረሳ። ልዩ ዐቃቤ ሕጉ በችሎት ንግግሩ ፕሬዚዳንቱን ነክቷል ተብሎ በዲሴምበር 1875 ተባረረ። ዐቃብያነ ሕግ ለትንንሾቹ ተከሳሾች ምሕረት እየሰጡ በትልልቆቹ ላይ እንዳያስመሰክሩ ታዘዙ። ይህን ሥራ የሚያውቅ ሁሉ የትእዛዙ ትርጉም ይገባዋል። ትልቁ ዓሣ የሚያዝበት መረብ ተቀደደ ማለት ነው። በመጨረሻም በፌብሩዋሪ 1876 ግራንት በዋይት ሐውስ ውስጥ፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ በተገኙበት፣ ለባብኮክ የመከላከያ ምስክርነት ቃል ሰጡ። በወንጀል ክስ ለተከሳሽ የመሰከረ ፕሬዚዳንት ከዚያ በፊት አልነበረም። ሴንት ሉዊስ የተቀመጡት ዳኞች የጦርነቱን ጀግና ቃል እንዴት ይጠራጠሩ? ባብኮክ በነፃ ተለቀቀ። ሌባውን ያጋለጡት ብሪስቶው ግን በዚያው ዓመት ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

ገና ይህ ሳይበርድ ማርች 2 ቀን የጦር ሚኒስትሩ የዊሊያም ቤልክናፕ ጉድ ወጣ። በአንድ የጦር ሰፈር የንግድ ፈቃድ ከተሰጠው ሰው ለዓመታት ድርሻ ሲቀበሉ ኖረዋል። ማለዳ ወደ ፕሬዚዳንቱ ሮጠው የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገቡ፤ ግራንትም ሳያመነቱ ተቀበሏቸው። ምክር ቤቱ በዚያው ቀን ከሰሳቸው። በሴኔቱ ችሎት ግን የለቀቀን ባለሥልጣን ልንዳኝ አንችልም ያሉ ብዙ ስለነበሩ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሳይሞላ ቀረ። ከሥልጣን በሰዓቱ መልቀቅ ከፍርድ ማምለጫ ሆነ።

በነገራችን ላይ፣ በዚያው በማርች 1876 ጉራዕ ላይ የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት የግብፅን ጦር ድል አደረገ። የግብፁ ጦር የመምሪያ ኃላፊ ዊሊያም ሎሪንግ የሚባል አሜሪካዊ ነበር፤ በ1863 በቪክስበርግ ዘመቻ በደቡቡ በኩል ሆኖ ግራንትን የወጋ ጄኔራል ነው። ዓለም ጠባብ ናት።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። እስከዚህ ያወጋሁት የቅሌት ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንባቢን ባላደከምኩ። ዋናው ነገር ዕዳውን ማን ከፈለ የሚለው ነው። ግራንት በሥልጣን ላይ ሆነው የሠሩት ሌላ ሥራ ነበር። በ1870 ለጥቁሮች የመምረጥ መብት የሰጠው 15ኛው ማሻሻያ ጸደቀ። በዚያው ዓመት የመጀመሪያው ጥቁር ሴናተር ሂራም ሬቨልስ ወንበራቸውን ያዙ፤ የፍትሕ ሚኒስቴርም ተቋቋመ። ኩ ክላክስ ክላን ነፃ የወጡትን ጥቁሮች በሌሊት ሲገድልና ሲገርፍ ግራንት በ1871 አዲስ ሕግ አስወጡ። በደቡብ ካሮላይና 9 አውራጃዎች አካልን ነፃ የማውጣት መብትን አግደው፣ ጦር ልከው፣ ወንበዴዎቹን ለፍርድ አቀረቡ። ከእሳቸው በኋላ ለብዙ አሠርት ዓመታት ይህን ያህል የደፈረ ፕሬዚዳንት አልመጣም።

ይህ ሥራ ግን የሰሜኑን ሕዝብ ትዕግሥትና አመኔታ ይፈልግ ነበር። አመኔታውን የውስኪው፣ የወርቁና የደመወዙ ነገር በላው። ጋዜጣ በገለጠ ቁጥር ሌብነት የሚያነብ ሰው መንግሥት ወደ ደቡብ ጦር ሲልክም ለሌላ ሌብነት መሰለው። ተሐድሶ ፈላጊዎቹ ራሳቸው ሁለቱን ጉዳዮች አንድ ላይ ቋጠሯቸው። ሌቦቹ ይውረዱ፣ ጦሩም ከደቡብ ይውጣ አሉ። በ1875 የሚሲሲፒው አስተዳዳሪ ጥቁር መራጮች እየተገደሉ ነውና ጦር ላኩልኝ ብለው ሲማፀኑ ግራንት ሕዝቡ በዚህ ነገር ሰልችቶታል ብለው ሳይልኩ ቀሩ። በማርች 1876 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ በሉዊዚያና ኮልፋክስ በ1873 በርካታ ጥቁሮችን በጨፈጨፉት ላይ የተሰጠውን ፍርድ ሻረ። በ1877 የመጨረሻዎቹ ወታደሮች ከደቡብ የምክር ቤት ሕንፃዎች ጥበቃ ተነሱ። ጥቁሮቹ የመምረጥ መብታቸውን በወጉ ለማስመለስ እስከ 1965 ጠበቁ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል ይህ ነው። የተቆጣው ሕዝብ ባብኮክን መቅጣት አልቻለም፤ ባብኮክ የባሕር ላይ መብራት ማማዎች ተቆጣጣሪ ሆኖ ደመወዙን መብላቱን ቀጠለ። ቁጣው ያረፈው ከውስኪውም ከወርቁም አንዲት ሳንቲም ባልደረሳቸው በሚሲሲፒና በሉዊዚያና ገበሬዎች ላይ ነው። ቁጣው ትክክል ነበር። የመታው ግን ሌላ ሰው ነበር።

ግራንት ከሥልጣን ሲወርዱ ስህተታቸው የፍርድ እንጂ የክፋት እንዳልነበረ ለምክር ቤቱ በጽሑፍ ተናግረዋል። አምናቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውም ይህንኑ ይመሰክራል። ፈርዲናንድ ዋርድ የሚባል ወጣት ደላላ አምነው ገንዘባቸውን ሁሉ አስረከቡት፤ ሰውየው አጭበርባሪ ነበርና በሜይ 1884 ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ኪሳራው ሊፈነዳ ሁለት ቀን ሲቀረው የተበደሩትን 150 ሺህ ዶላር ለመክፈል የጦር ሜዳ ጎራዴዎቻቸውንና ሽልማቶቻቸውን አስረከቡ። በዚያው ዓመት የጉሮሮ ካንሰር ያዛቸው። ሚስታቸው እንዳይቸገሩ ብለው፣ ምራቅ መዋጥ እንኳ እያቃታቸው፣ የጦርነት ትዝታቸውን ጻፉ። መጽሐፉን ጨርሰው በቀናት ውስጥ በጁላይ 23 ቀን 1885 አረፉ። አሳታሚው ደራሲው ማርክ ትዌይን ነበር፤ ጁሊያም 450 ሺህ ዶላር ገደማ አገኙ። ሰው እንዳያምን የሚያስተምር ነገር ሁሉ ደርሶባቸው ሰው ማመን ሳይተዉ ሞቱ።

እንደ ግለሰብ ይህ ያስወድዳቸዋል። እንደ መሪ ግን ያስጠይቃቸዋል። ያን የወጣትነት ክርክሬን የተውኩት ለዚህ ነው። ሰው በባልንጀራው ጥፋት አይጠየቅም፤ እውነት ነው። ባልንጀራው ሲከሰስ ዐቃቤ ሕጉን ካባረረ ግን የሚጠየቀው በራሱ ሥራ ነው። ስለዚህ ስለ አንድ መሪ ይሰርቃል ወይስ አይሰርቅም ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ወዳጁ የተከሰሰ ቀን ምን አደረገ? ጥያቄው ይህ ነው። ለእኛ ለተቆጪዎቹም ሌላ ጥያቄ አለ። ሌቦቹን ስናባርር አብረን ደጅ ያወጣነው ሰው ማን ነው?