ያለ ሽቦ መብራት ያበራው ሊቅ፤ ኒኮላ ቴስላ

ከቤት መብራት እስከ ፋብሪካ ሞተር የምንገለገልበትን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ለዓለም ካስፋፉት ሊቃውንት አንዱ ኒኮላ ቴስላ መሆኑን ብዙ ተማሪ ያውቃል። በሕይወቱ ሳለ ያልሠመረለት ሌላው ሐሳቡ፥ ማለት የኤሌክትሪክን ኃይል ያለ ሽቦ ማስተላለፍ፥ ዛሬ ለጥቃቅን መለኪያዎች ዕድሜ መቀጠያ ዘዴ መሆኑን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ቴስላ የተወለደው በ1856 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው) ዛሬ ክሮኤሽያ በምትባለው አገር፥ ስሚልያን በተባለች መንደር ነው። አባቱ የሰርብ ኦርቶዶክስ ቄስ ነበሩና ልጃቸውም እንዲቀስስ ይመኙ ነበር። እናቱ ፊደል ያልቆጠሩ ቢሆኑም ለቤት ሥራ የሚረዱ መሣሪያዎችን በእጃቸው ይሠሩ ነበር። ልጁ የእናቱን እጅ ወረሰ። በግራትስ ከተማ የጀመረውን የምሕንድስና ትምህርት ሳይፈጽም ወጥቶ በቡዳፔስትና በፓሪስ ከሠራ በኋላ በ1884 ዓ.ም. ኒውዮርክ ገባ። በ1888 ዓ.ም. የዌስቲንግሀውስ ኩባንያ በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ሞተሩ ለመጠቀም ተዋዋለው። በ1896 ዓ.ም. የናያጋራ ፏፏቴ ኃይል በዚሁ ዘዴ ቡፋሎ ከተማ ደረሰ።

በ1889 ዓ.ም. በአምባሰል ምድር፥ ውጫሌ ላይ፥ ያ የታወቀው የኢትዮጵያና የኢጣሊያ ውል ተፈረመ። በዚያው ዓመት ቴስላ ፓሪስ ወደ ተከፈተው ታላቅ ኤግዚቢሽን ሄዶ የጀርመናዊውን የሄርትዝን ምርምር ሰማ። ሄርትዝ የኤሌክትሪክ ማዕበል ያለ ሽቦ እንደሚጓዝ አረጋግጦ ነበር። ቴስላም በ1891 ዓ.ም. ኒውዮርክ ውስጥ በሊቃውንት ፊት ሽቦ ያልተያያዘበትን መብራት አበራ።

ነገሩን ለመረዳት ክራርን ማሰብ ይበቃል። ሁለት ክራሮች በአምባሰል ቅኝት እኩል ተቃኝተው ጎን ለጎን ቢቀመጡ፥ የአንዱ ክር ሲመታ የሌላው አቻ ክር ማንም ሳይነካው ይርገበገባል። ሁለት የሽቦ ጥቅልሎችም በአንድ ምት ሲቃኙ ኃይል ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ርቀቱ ሲጨምር ግን ኃይሉ ፈጥኖ ይደክማል።

ቴስላ በዚህ ወሰን አልረካም። በ1901 ዓ.ም. ከባለጸጋው ከሞርጋን 150,000 ዶላር ተቀብሎ በኒውዮርክ አጠገብ፥ በሎንግ አይላንድ፥ ታላቅ ግንብ ማሠራት ጀመረ። መልእክት ብቻ ሳይሆን ኃይልም ለዓለም ዳርቻ ሊያደርስበት አሰበ። ሞርጋን ተጨማሪ ገንዘብ ከለከለው፤ ሥራው ቆመ፤ ግንቡም በ1917 ዓ.ም. ፈረሰ። ቴስላ በ1943 ዓ.ም. በኒውዮርክ ሆቴል ክፍል ውስጥ ብቻውን ሞተ።

ሐሳቡ ግን አብሮት አልተቀበረም። በ2007 ዓ.ም. የኤም አይ ቲ ተመራማሪዎች ከ2 ሜትር በሚበልጥ ርቀት ላይ የነበረ የ60 ዋት አምፖል ያለ ሽቦ አበሩ።

ይህ ለእኛ ምን ይጠቅማል? የሐይቅን ውሃ ከፍታና የአምባሰልን ገደላማ ተራሮች ዝናብ የሚለኩ፥ ሴንሰር የሚባሉ ትንንሽ መሣሪያዎች ተተክለው፥ ወሬያቸውን በራዲዮ እየተቀባበሉ ወደ አንድ ጣቢያ ይልካሉ እንበል። ለጣቢያው የቀረበው የሩቆቹንም መልእክት ስለሚያቀብል ባትሪው ቀድሞ ያልቃል። እሱ ሲያልቅ ሩቆቹ ደህና ሳሉ ድምፃቸው ይጠፋል። ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ የፀሐይ ኃይል ይረዳል፤ በዛፍ ጥላና በገደል ሥር ግን አይበቃም። በ2011 ዓ.ም. የቨርጂኒያ ቴክ ተመራማሪዎች ለዚህ ችግር መላ አቀረቡ። ኃይል የጫነ ተሽከርካሪ በየመሣሪያው አጠገብ እየቆመ ያለ ሽቦ ቢሞላቸውና ዙሩ በሚገባ ቢታቀድ፥ መረቡ ሳይቋረጥ ሊሠራ እንደሚችል በስሌት አሳዩ።

እንግዲህ ከሩቅ ሆኖ ዓለምን ሁሉ ለመመገብ የታሰበው ግንብ ፈረሰ፤ ወደ ተቸገረው ቀርቦ ትንሽ ትንሽ የሚያድለው ዘዴ ግን ፍሬ እያሳየ ነው። መሣሪያ ተክሎ መመረቅ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊነት የሚረከብ ወጣት ግን መሣሪያው በሦስተኛው ዓመት በምን ኃይል እንደሚሠራ ከመትከሉ በፊት ሊያስብበት ይገባል።