ባርነትን ያዩት መምህር፤ ኦኔሲሞስ ነሲብ (አባ ገመቺስ)

በብሉይ ኪዳን ሥርዓት ኢዮቤልዩ ቀንደ መለከት የሚነፋበት፣ ባሪያ ነጻ ወጥቶ ወደ ወገኑ የሚመለስበት ዓመት ነበር። ማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓሉን ሲያከብር፣ ከባርነት ወጥተው ወደ ወገናቸው ለመመለስ ከሠላሳ ዓመት በላይ የጠበቁትን፣ በመንገዳቸውም በእኛዋ ካርቱም ያለፉትን ሰው ማስታወስ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ ሲወለድ ስሙ ሂካ ነበር። አባቱ የሞተው ልጁ ገና አራት ዓመት ሳይዘል ነው። በ1869 ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጥለው ወሰዱት፤ በስምንት ጌቶች እጅ አለፈ። በ1870 ስዊዘርላንዳዊው ቨርነር ሙንዚንገር ምጽዋ ላይ ነጻ አውጥቶ በአቅራቢያው እምኩሉ ለነበሩት የስዊድን ሚሲዮናውያን ሰጠው። በማርች 31 ቀን 1872፣ በትንሣኤ ዕለት ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ። ይህ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አናሲሞስ የሚባለው፣ ጳውሎስ ስለ እርሱ ለፊልሞና የጻፈለት ባሪያ ስም ነው።

ስዊድን ሄደው አምስት ዓመት ተማሩ። እዚያው መቅረት ይችሉ ነበር፤ እሳቸው ግን ምጽዋ ተመልሰው ምሕረት ኃይሉን አገቡና ወዲያው፣ በ1881፣ በሱዳን በኩል ወደ ወለጋ ጉዞ ጀመሩ። አሶሳ ደርሰው ከዚያ በላይ ማለፍ አልቻሉም። ትኩሳት ይዟቸው ለሞት ተቃረቡ። በዚህ ላይ የማህዲ አመፅ ተነሥቶ መንገዱ ተዘጋባቸው፤ በስንት መከራ ካርቱም የገቡት በኤፕሪል 10 ቀን 1882 ነው። በኤፕሪል 2023 የካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ቤታችንን ዘግተን ከአል-ጣኢፍ የወጣን፣ ዛሬም በየሀገሩ የተበተንን ቤተሰቦች ያ ጉዞ ምን እንደሚመስል አናጣውም።

እምኩሉ ተመልሰው በቁጭት አልተቀመጡም። መሄድ ያልቻሉበትን አገር በመጽሐፍ ለመድረስ ትርጉም ጀመሩ። በኦሮምኛ የስማቸው ምንጭ የሆነው ግስ መፍታትም መተርጎምም ማለት መሆኑ ይገርማል። በ1886 በእንጦጦ በኩል ሞክረው እንደገና ተመለሱ። ሥራው ላይ ግን አንድ ችግር ገጠማቸው፦ ከአገራቸው በልጅነት ስለወጡ ቋንቋው እንደሚፈለገው አልሞላላቸውም። ይህን ጉድለት የሞላችው አስቴር ጋኖ ናት። እሷም በባርነት ለመሸጥ በመርከብ ስትወሰድ በ1886 ጣሊያኖች ያስጣሏት ልጅ ነበረች። መዝገበ ቃላት አዘጋጀች፤ 500 ያህል ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌና ዘፈን ከቃል ወደ ጽሑፍ አሰፈረች። ከዚያም ብዙው ለጀማሪ አንባብያን በ1894 ታተመ። አዲስ ኪዳን በ1893፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በግዕዝ ፊደል በኦሮምኛ ወጣ። በመጽሐፉ ፊት ገጽ የተጻፈው የኦኔሲሞስ ስም ብቻ ነው። በእኛ አስተያየት የአስቴር ስም አለመጻፉ በደል ነው፤ ስለዚህ ልጆቻችን ሁለቱን ስም አብረው ቢያጠኑ እንወዳለን።

በ1904 ነቀምቴ ገቡ። ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞረዳ) በክብር ተቀበሏቸው። ሕዝቡ በራሱ ቋንቋ ሲሰማ ተሰበሰበ። ብዙም ሳይቆይ ግን ስሕተት ያስተምራሉ ተብለው ተከሰሱና በ1906 አቡነ ማቴዎስ እንዲሰደዱ ፈረዱ። ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱ፤ መስበክ ግን ተከለከሉ። (የሁለቱም ወገን ልጆች በአንድ ማኅበር ስለምንኖር ይህን ለቂም አናነሣውም።)

እዚህ ላይ ነው የሰውዬውን እምነት በቅርብ የምናየው። ስምንት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ያለፈ ሰው አሁን አፉ ሲዘጋበት ሊያማርርና ሊኮበልል ይችል ነበር። እሳቸው ግን ትምህርት ቤታቸው ገብተው ልጆች ፊደል ማስቆጠር ያዙ። ነጻነታቸውን ያገኙት ምንም ሳይከፍሉ ነው፤ ለሌላውም ሳያስከፍሉ መስጠት የዕለት ተዕለት ሥራቸው ሆነ። ዛሬ ኀ እና ሀ፣ ነገ አንድ ምዕራፍ፣ ከነገ ወዲያ የታመመ ጎረቤት ጥየቃ፤ ደቀ መዝሙርነት እንዲህ ካለ ሥራ ውጭ ምን እንደሆነ ለእኔ አይታየኝም። አሥር ዓመት ያህል እንዲህ አለፈ። በ1916 ልጅ ኢያሱ እንዲሰብኩ ፈቀዱላቸው። ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱም ፈቃዱ አልተሻረም።

ኦኔሲሞስ ከዚያ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት አስተማሩ፣ መጻሕፍቱን አደሉ። እሑድ ጁን 21 ቀን 1931፣ ለመስበክ ወደ ነቀምቴ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ መንገድ ላይ ዐረፉ።