መስቀልና መድፍ በአንድ አምባ ላይ

በመቅደላ ሴባስቶፖል የሚባለው የነሐስ መድፍ እስከ ዛሬ ድረስ ተቀምጦ ይገኛል። ክብደቱ ወደ ሰባት ቶን ይገመታል። ከመድፉ ጋር ወደዚያው አምባ ከአንድ ሺህ የማያንሱ የብራና መጻሕፍት ወጥተው ነበር፤ እነዚህም በመድኃኔ ዓለም ስም ሊሠራ ለታሰበ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን የተሰበሰቡ ነበሩ። ይህን መድፍና እነዚያን መጻሕፍት ወደ አንድ ተራራ ያወጡት አንድ ሰው ናቸው፤ እሳቸውም ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው።

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተዘፍኗል፤ በቴአትር መድረክም ታይቷል። እኛም በትምህርት ቤት ሳለን ስማቸው በተጠራ ቁጥር ደማችን ይሞቅ እንደ ነበር አንክድም። ዳሩ ግን ጀግንነታቸውን ደግመን ለማወደስ ብቻ ብዕር ማንሣት አንባቢን የሚጠቅም አይመስለንም። ዛሬ የሕይወታቸውን ታሪክ የምናቀርበው አንድ ጥያቄ ይዘን ነው። ሃይማኖት፤ የአገር ፍቅርና ጠመንጃ በአንድ እጅ ሲጨበጡ ለሕዝብ ምን ያመጣሉ? ነገ የአገር ሥራ የሚረከበው ተማሪና ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የተቀመጠው ወጣት ሹም ይህን ጥያቄ ሊያስብበት ይገባል።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞቱ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ በችግር አሳደጉት። ጠላቶቹ በኋላ እናቱን ኮሶ ሻጭ እያሉ ይሰድቡበት ነበር፤ ስድቡም እስከ ዕለተ ሞቱ ከልቡ አልወጣም ይባላል። በዚያ ዘመን የደኅና ቤተሰብ ልጅ እንደሚደረግለት ሁሉ ካሣም ወደ ገዳም ተልኮ ፊደል ቈጠረ፤ ዳዊት ደገመ። ነገር ግን በጦርነት የተሸነፈ አንድ መኰንን ቂሙን በጠላቶቹ ልጆች ላይ ለመወጣት ገዳሙን ወረረ፤ ብዙ ሕፃናትም አለቁ። ካሣ ነፍሱን ለጥቂት አመለጠ። እንግዲህ ይህ ልጅ ገና ከማለዳው ሁለት ነገር ተማረ፤ አንደኛው የእግዚአብሔር ቃል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የገዳም አጥር የጦረኛን እጅ እንደማያግድ ነው።

ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ይባላል። በጎንደር ንጉሥ ነበረ፤ ግን ስም እንጂ ሥልጣን አልነበረውም። ሥልጣኑ ጭፍራ ባበዛና ነፍጥ በሰበሰበ መስፍን እጅ ነበር። የሰው ክብር በጠመንጃው ይለካ ነበር፤ ጠመንጃ የያዘ ይፎክራል፤ ጠመንጃ የሌለው ገበሬ ደግሞ ያረሰውን ለባለ ጠመንጃው ይገብራል፤ ሠራዊት ባለፈ ቍጥርም ጎተራው ይራቈታል። ትግሬንና ሰሜንን የያዙት ደጃዝማች ውቤ በምፅዋ በኩል መሣሪያ ስለሚያገኙ በነፍጥ ብዛት ከሁሉም ይበልጡ ነበር። ካሣ ግን በምዕራቡ ቈላ ሸፍቶ ከጥቂት ተከታዮቹ ጋር የሚዋጋው በአብዛኛው በጦርና በጋሻ፤ ከሁሉም በላይ በድፍረቱ ነበር።

ድፍረቱም ብዙ አስገኘለት። እቴጌ መነንን ድል አድርጎ ማረከ፤ የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን አገባ። ዳሩ ግን በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ጠረፍ ደባርቂ በተባለ ስፍራ ከግብጽ ጦር ጋር ገጠመ። ግብጾቹ ምሽግ ይዘው መድፍ ደግነው ይጠብቁት ነበር። የካሣ ሰዎች እንደ ልማዳቸው እየፎከሩ ወደ ምሽጉ ሮጡ፤ መድፉም ረፈረፋቸው። ካሣ ቈስሎ፤ ሠራዊቱ ተበትኖ ተመለሰ። በእኛ አስተያየት የዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ ግማሹ የተጻፈው በዚያች ቀን ነው። ጀግንነት ብቻውን መድፍን እንደማይረታ ያን ዕለት ተረዳ፤ ከዚያ በኋላ መድፍ ከሐሳቡ ተለይቶ አያውቅም።

ከዚህ በኋላ ያለው የድል ጉዞ ለአንባቢያችን የታወቀ ነው። በ1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፤ በዚያው ዓመት በአይሻል ራስ ዓሊን አሸነፈ። በ1846 ዓ.ም. ብሩ ጎሹን ማረከ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደግሞ በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን ድል ካደረገ በኋላ፤ ውቤ ራሳቸው ሊነግሡባት ባሠሯት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ የካቲት 5 ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ ተባለ።

ስሙን በከንቱ አልመረጡትም። ፍካሬ ኢየሱስ በተባለው መጽሐፍ ከብዙ መከራ በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ተነሥቶ በጽድቅና በሰላም እንደሚገዛ ተነግሮ ነበርና ሕዝቡ ይህን ንጉሥ ሲጠብቅ ኖሯል። አቡነ ሰላማም ቢሆኑ በነጻ አልቀቧቸውም። ቤተ ክህነት በዚያን ጊዜ በልደትና በቅብዐት ክርክር ተከፋፍላ ነበር፤ ጳጳሱም ሥልጣናቸው ተንቆ ነበር። በ1846 ዓ.ም. በአምባ ጫራ በተደረገው ጉባኤ ካሣ የጳጳሱን ትምህርት ደግፎ ተቃራኒውን ወገን አስገድዶ አሳመነ፤ የካቶሊክ ሚሲዮናውያንም ከአገር እንዲወጡ ሆነ። ጳጳሱ ጠመንጃ የሚደግፈው ሃይማኖት አገኙ፤ ካሣም ሃይማኖት የባረከው ጠመንጃ አገኘ። ስምምነቱ ለሁለቱም ጠቃሚ መስሎ ነበር።

አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ያሰቡት ነገር ታላቅ እንደ ነበር ማንም አይክድም። አገሪቱን አንድ ለማድረግ፤ መሳፍንቱን በሹመት ለመተካት፤ ወታደሩ ገበሬውን ከመዝረፍ ይልቅ ደመወዝ እየተቀበለ እንዲኖር ለማድረግ ፈለጉ። መንገድ ሲሠራ ከሰው ሁሉ ቀድመው ድንጋይ ይሸከሙ ነበር። ኢየሩሳሌምን ከቱርኮች እጅ ነጻ ማውጣት እንኳ በሕልማቸው ነበረ። ለእሳቸው እምነትና አገር የተለያዩ ነገሮች አልነበሩም፤ የኢትዮጵያ አንድነት የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱን የሚፈጽመውም የተቀባው ንጉሥ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ችግሩ የመጣው ከዚሁ ነው። ራሱን የእግዚአብሔር መሣሪያ አድርጎ የሚያይ ሰው የሚቃወመውን ሁሉ የእግዚአብሔር ጠላት አድርጎ ማየቱ አይቀርምና። በወሎ የተደረገው ዘመቻ የሃይማኖት መልክ ስለ ያዘ ሙስሊሙ ሕዝብ ከንጉሡ ጋር ሊታረቅ የሚችልበት በር ጠበበ።

መደበኛ ሠራዊት ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ ንጉሡ ዓይናቸውን በቤተ ክርስቲያን መሬት ላይ ጣሉ። ለአንድ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፤ ለእነርሱ የሚሆን መሬት ቀርቶ ሌላው ለገበሬ ተሰጥቶ ይገብር አሉ። በ1848 ዓ.ም. የተነሣው ይህ ሐሳብ በ1852 ዓ.ም. በሥራ ሲውል ካህናቱ ከንጉሡ ተለዩ። ሐሳቡ በራሱ መጥፎ ነበር አንልም፤ ብዙ አገሮች በኋላ ተመሳሳይ ነገር አድርገዋል። ግን ንጉሡ በመጀመሪያ ጉባኤውን በጦር ኃይል ያስከበሩ ስለ ነበሩ፤ አሁንም በምክርና በትዕግሥት ማሳመንን አልለመዱም። የቀባቻቸው ቤተ ክርስቲያን ጀርባዋን ስትሰጣቸው በየአውራጃው የሸፈተው ሁሉ ቡራኬ አገኘ። አቡነ ሰላማም በመጨረሻ በመቅደላ ታስረው ሳሉ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ዐረፉ።

በዚህ መካከል በ1850 ዓ.ም. እቴጌ ተዋበች ሞቱ። የታመኑ ወዳጆቻቸው እንግሊዞቹ ፕላውደንና ቤልም ተራ በተራ በሽፍቶች እጅ ጠፉ። ከእንግዲህ ወዲያ ቍጣቸውን የሚያበርድ ሰው በአጠገባቸው አልቀረም።

አሁን ወደ ጋፋት እንለፍ። ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በዚህች መንደር ከአውሮፓ የመጡ የወንጌል መልእክተኞች ሰፍረው ነበር። እነዚህ ሰዎች በእጅ ሥራ እየኖሩ መጽሐፍ ቅዱስን ለማስተማር የመጡ ናቸው። ንጉሡ ቤተ እስራኤልን እንዲያስተምሩ ፈቀዱላቸው፤ የሚያምነው ግን በአገሪቱ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቅ አዘዙ። ከሁሉ በላይ የፈለጉት ግን ስብከታቸውን ሳይሆን እጃቸውን ነበር። መድፍ እንዲሠሩ ጠየቋቸው። ሰዎቹ መጀመሪያ አናውቅም አሉ፤ ግዳጁ ሲጠናባቸው ምድጃ ሠሩ፤ ሞከሩ፤ ከሸፈ፤ ደግመው ሞከሩ፤ በመጨረሻም ነሐሱ ቀልጦ ወረደ። ወንጌል ይዘው የመጡ ሰዎች መድፍ አቅላጮች ሆኑ። ንጉሡም እጅግ ተደሰቱ፤ ገንዘብና ማዕርግ ሰጧቸው።

የደባርቂን ቀን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ደስታ የሚገባ ነው። ንጉሡ የሌላ አገር መሣሪያ እየለመኑ መኖር አልፈለጉም፤ አገራቸው ራሷ እንድትሠራ ፈለጉ። ይህን በቅንነት እናደንቃለን። ግን በጋፋት የተቋቋመው ሥራ ከመድፍ አላለፈም። ማረሻ የሚሠራ፤ ድልድይ የሚጥል፤ ልጆች ተመርቀው የሚወጡበት ትልቅ ትምህርት ቤት አልሆነም። የአገሪቱ ዕውቀት ጉጉት ሁሉ በአንድ የመድፍ አፍ ውስጥ ገባ።

በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንግሊዝ ቆንስል ካሜሮን ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከ የሽጉጥ ስጦታ ይዞ መጣ፤ ስጦታው ለፕላውደን ስለ ተደረገው ደግነት ምስጋና ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስም ለንግሥቲቱ ደብዳቤ ጻፉ፤ በክርስቲያንነት ወንድማማችነት ተማምነው ወዳጅነትንና በቱርኮች ላይ መተባበርን ጠየቁ። ደብዳቤው ሎንዶን ደርሶ መልስ ሳይሰጠው በመሥሪያ ቤት ተቀመጠ። እንግሊዝ በዚያን ጊዜ ከቱርክ ጋር ወዳጅ ነበረች፤ መንግሥታትም የሚተያዩት በጥቅም እንጂ በጥምቀት አልነበረም። ንጉሡ ይህን እንደ ንቀት ቈጥረው በ1856 ዓ.ም. ቆንስሉንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ።

በአገር ውስጥም የሚገዙት ምድር ዓመት በዓመት ጠበበ። በ1859 ዓ.ም. ሠራዊታቸውን ይዘው ጎንደር ገቡ፤ ከተማይቱን አዘረፉ፤ አቃጠሉ፤ ባለ አርባ አራቷ ታቦት ከተማ አብያተ ክርስቲያናቷ ነደዱ። መጻሕፍቱና ንዋየ ቅድሳቱ ተጭነው ሄዱ። በአንድ ወገን ለመድኃኔ ዓለም አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሊሠሩ ያስባሉ፤ በሌላ ወገን አባቶቻቸው የሠሯቸውን ያቃጥላሉ። ያ በገዳም ውስጥ ከእሳትና ከሰይፍ ያመለጠው ልጅ አሁን እሳቱን የሚለኩሰው ሆኖ ተገኘ። ከታሪካቸው ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያሳዝን ነገር አናውቅም።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ሴባስቶፖልን በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች ይጎትቱት ነበር። የጅዳንና የበሽሎን ገደል እየደረመሱ፤ መንገድ እየጠረጉ፤ ወደ ስድስት ወር የፈጀ ጉዞ ሆነ። በዚያው ወራት ጄኔራል ናፒየር ወደ 13,000 ወታደርና 44 ዝሆኖች ይዞ ከዙላ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። በመንገዱ ያገኛቸው መኳንንት አልተዋጉትም፤ እንዲያውም እህልና መንገድ ሰጡት። ሕዝቡ አገሩን ስለ ጠላ አልነበረም፤ ንጉሡ ከእሱ ስለ ራቁ ነበር እንጂ።

በጸሎተ ሐሙስ ከወደ ሁለት መቶ የማያንሱ እስረኞች ከገደል ተወረወሩ። በማግሥቱ በስቅለት፤ ሚያዝያ 3 ቀን፤ በአሮጌ ሜዳ ውጊያ ሆነ። የንጉሡ መድፎች ከላይ ሆነው ቢተኩሱም ጥይቱ ከጠላት ራስ በላይ አለፈ። ፊታውራሪ ገብርዬ ወደቀ፤ ወደ 700 ኢትዮጵያውያን ሞቱ፤ ከእንግሊዞቹ ግን የቈሰሉት 20 ያህል ብቻ ነበሩ። የዚያ ሁሉ ልፋት ፍሬ የሆነው ሴባስቶፖል ምንም ሊለውጥ አልቻለም። በፋሲካ ንጉሡ እስረኞቹን ለቀው፤ ለእንግሊዞች የበዓል ከብት ላኩ፤ እርቁ ግን አልሆነም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ጠላት በሩን ሰብሮ ሲገባ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በመጣላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። እጅ ላለመስጠት የመረጡት ይህ ሞት ትውልድን ሁሉ አኩርቷል፤ እኛንም ያኰራናል።

የእንግሊዝ ጦር ግን መጻሕፍቱን፤ ዘውዱንና ታቦቶቹን በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ሄደ። ልዑል ዓለማየሁም ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. በባዕድ አገር በወጣትነቱ ሞተ። ከንጉሡ ራስ የተቈረጠው ጠጕር ወደ አገሩ የተመለሰው በ2011 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ምን እንማር? አገርን መውደድ ጥፋት አይደለም፤ ማመንም ጥፋት አይደለም፤ አገርን ለመጠበቅ መሣሪያ መያዝም ግዴታ ሆኖ ይገኛል። ግን እነዚህ ሦስቱ አንዱ ሌላውን መቈጣጠሩን ሲያቆም ጥፋት ይመጣል። ጳጳሱ የንጉሡን ጦር ሲደገፉ ንጉሡን የሚገሥጹበትን አንደበት አጡ። ንጉሡም በእግዚአብሔር ስም ሲተኩሱ የሕዝቡን ጩኸት የሚሰሙበትን ጆሮ አጡ። ከሁሉም በላይ የሚያስተዛዝበው፤ ገበሬውን ከዘራፊ ወታደር ለማዳን የተነሡት ሰው መጨረሻ ላይ የገበሬውን ልጅ መድፍ ጎታች ማድረጋቸው ነው።

ወጣቱ አንባቢያችን አንድ ቀን ወደ መቅደላ ቢወጣ ሴባስቶፖልን ያየዋል። መጻሕፍቱን ግን በዚያ አያገኛቸውም። ሲወርድ ከሁለቱ የትኛውን መጠበቅ ይሻል እንደ ነበር ለራሱ ይመልስ።