ስታንሊ ጊል
ስታንሊ ጊል (1926 – 1975 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊ የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ነበር። ዛሬ ዲበገር የሚባለው፣ የፕሮግራምን ስህተት የሚያፈላልግ መሣሪያ አንዱ መነሻ የእሱ ሥራ ነው።

ጊል በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሠራበት ኤድሳክ የተባለው ኮምፒውተር በ1949 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። ፕሮግራም ሲበላሽ ሰዎች ማሽኑን አንድ አንድ ትዕዛዝ እያስኬዱ በስክሪኑ ላይ የሚታዩትን ነጥቦች ይመለከቱ ነበር፤ ይህም ሌሎች ተራ የሚጠብቁበትን ሰዓት ይበላል። ጊል በዚህ ፈንታ የሚመረመረውን ፕሮግራም ትዕዛዞች ተራ በተራ እያነሳ የሚያስፈጽምና የሆነውን በቴሌፕሪንተር የሚያትም ተቆጣጣሪ ፕሮግራም ጻፈ።

አስቸጋሪው ነገር ሬጅስተሩ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ የሚሠራበትን ቁጥር ለጊዜው የሚይዝበት ቦታ ነበር። የኤድሳክ ድምርና ቅነሳ የሚካሄድበት አኩሙሌተር አንድ ብቻ ስለሆነ ተቆጣጣሪውም ተመርማሪውም ይፈልጉታል። ስለዚህ ተቆጣጣሪው ከአንዱ ትዕዛዝ በኋላ የአኩሙሌተሩን ይዘት በማኅደረ ትውስታ ያስቀምጣል፤ ቀጣዩን ከማስፈጸሙ በፊት ደግሞ እንዳለ ይመልሰዋል። አንዲት ቢት ብትዛነፍ ምርመራው ራሱ አዲስ ስህተት ይፈጥራል። እንደ ጂዲቢ ያሉት የዛሬ ነፃ ዲበገሮችም፣ ሬጅስተሮቹ ቢበዙም፣ ከዚህ ግዴታ አልወጡም።

ዘዴውን በ1951 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በዚያው ዓመት ከሞሪስ ዊልክስና ከዴቪድ ዊለር ጋር ያዘጋጀው መጽሐፍ ስለ ፕሮግራም አጻጻፍ ከታተሙት የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገራል፤ የጊል ስም ግን ከሁለቱ ባነሰ፣ ከሚገባውም ባነሰ ይነሳል። በኋላ በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ፕሮፌሰር ሆነ። በ49 ዓመቱ አረፈ።