የስንዴው ሊቅ ቫቪሎቭ እና በረሃብ ያለቀው ሕይወታቸው

እንደ ከላላና መካነ ሰላም ባሉ የወሎ ደጋዎች የአገር ስንዴ ከጥንት ጀምሮ የሚዘራው ነጩ፣ ቀዩና ጥቁሩ ተቀላቅሎ ነው። የዚህን ቅይጥ ዋጋ ለዓለም ካሳወቁት ቀዳሚው ሩሲያዊው ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ናቸው።

ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 25 ቀን 1887 በሞስኮ ከነጋዴ ቤተሰብ ተወለዱ። እርሻን በሞስኮ ተምረው በ1913 ወደ እንግሊዝ በመሄድ ከዊሊያም ቤትሰን ዘንድ የዘር ውርስን አጠኑ። በ1920 ደግሞ በሳራቶቭ ከተማ አንድ ሕግ ይፋ አደረጉ። እንደ ሕጉ በአንዱ የሰብል ዝርያ ላይ የታየ ባህርይ በዘመዱም ላይ ሊገኝ ይችላል። በማግስቱ ዓመት የቮልጋን አካባቢ የመታው ድርቅ ሚሊዮኖችን በረሃብ ፈጀ። ድርቅ የሚችል እህል መፈለግ የዕድሜ ልክ ሥራቸው ሆነ።

በ1927 በጅቡቲ በኩል አዲስ አበባ ገቡ። በኋላ ቀዳማዊ ኃይለሥላሴ የተባሉትን አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪን አነጋግረው የጉዞ ፈቃድ አገኙ። በበቅሎ ጎንደርንና አክሱምን አልፈው አስመራ ሲደርሱ የሰበሰቡት ናሙና ከ6,000 በላይ ነበር። አክሱም አጠገብ ዛላው ጺም የሌለው ዱረም ስንዴ አገኙ። በሕጋቸው መሠረት መኖር የሚገባው ዓይነት ነበር።

ቫቪሎቭ አቢሲንያን ከሰብል መፍለቂያዎች አንዷ አድርገው መደቧት። ዛሬ ስንዴ መጀመሪያ የለማው በመካከለኛው ምሥራቅ መሆኑ ቢታወቅም፣ ኢትዮጵያ የዱረም ስንዴ ዓይነቶች መከማቻ መሆኗ አልተለወጠም።

ድርቅ መቻል በአንድ ዘረመል ብቻ የሚወረስ ባህርይ አይደለም። ቶሎ መድረስ፣ ሥርን ወደ ታች መስደድ፣ ውኃን ቆጥቦ መጠቀም እያንዳንዳቸው የራሳቸው ዘረመሎች አሏቸው። አዳቃዩ እነዚህን ከተለያዩ ወላጆች አሰባስቦ፣ ልጆቹን ለብዙ ትውልድ መምረጥ አለበት። ሥራው ዓመታት ይፈጃል።

ስታሊን ግን ዓመታት መጠበቅ አልፈለገም። ትሮፊም ሊሴንኮ ዘሩን በማቀዝቀዝ የስንዴን ጠባይ መለወጥ እንደሚቻል፣ ለውጡም ለልጅ እንደሚወረስ እየሰበከ ተወዳጅ ሆነ። ቫቪሎቭ ይህን ተቃወሙ። በኦገስት 1940 ዩክሬን ውስጥ ናሙና እየሰበሰቡ ሳለ ተያዙ። የሞት ፍርዳቸው ወደ 20 ዓመት እስራት ቢለወጥም፣ ጃንዋሪ 26 ቀን 1943 በሳራቶቭ እስር ቤት በረሃብ ተጎድተው ሞቱ። በዚያው ጦርነት በተከበበችው ሌኒንግራድ የዘር ክምችታቸውን ይጠብቁ የነበሩ ባልደረቦቻቸው እህሉን ሳይነኩ በረሃብ አለቁ።

በ1955 ከክሱ ነፃ መሆናቸው ታወጀ። በ1976 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የዘር ባንክ፣ ቫቪሎቭ በበቅሎ የዞሩለትን የአገር ስንዴ ለአዳቃዮች ማቆየቱን ቀጥሏል።