ድሜጥሮስና ልዕልተ ወይን

ቦሌና ገርጂ ላይ ቅቤና እንቁላል የምንሸጥ የማኅበራችን አባላት ዐቢይ ጾም የሚገባበትን ቀን ሳናጣራ ዕቃ አናስገባም። ጾሙ ከየካቲት 1 አይቀድምም፣ ከመጋቢት 5 አይዘገይም፤ በመካከሉ ግን በየዓመቱ ይዘዋወራል። ቀኑ የሚወጣበትን ባሕረ ሐሳብ ያገኘው የእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት አባ ድሜጥሮስ ነው ይባላል።

ድሜጥሮስ ያልተማረ የወይን ገበሬ ነበር። ወላጆቹ የአጎቱን ልጅ ልዕልተ ወይንን አጋቡት። ሁለቱ ግን በአንድ ቤት እንደ እህትና ወንድም ሊኖሩ ተስማሙ፤ ምስጢሩንም ለማንም አልነገሩም። አንድ ቀን ያለ ወቅቱ የደረሰ የወይን ዘለላ አግኝቶ ለሊቀ ጳጳሱ ለዮልያኖስ ወሰደለት። ዮልያኖስ ተተኪው ወይን ይዞ እንደሚመጣ በራእይ ተነግሮት ነበርና ድሜጥሮስ በመንበሩ ተተካ። ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 189 ነው።

ሕዝቡ ባለ ሚስት መሾሙን አልወደደም፤ ሐሜቱ እሷንም ነካ። ድሜጥሮስ ከቅዳሴ በኋላ እሳት አስነድዶ ፍሙን በልብሱ ታቀፈ፤ ለእሷም በመጎናጸፊያዋ ላይ አደረገላት። በሕዝቡ መካከል ሲዞሩ ልብሳቸው እንዳልተቃጠለ ስንክሳሩ ይተርካል። መጋቢት 12 የሚታሰበው ይህ ነው። እኔን የሚይዘኝ የእሷ ነገር ነው። እሱ መንበር ነበረው፤ እሷ ያለ አንዳች ሹመት ፍም ታቀፈች፣ ብዙዎቻችን ግን ስሟን እንኳ አናውቅም።

የተሾመባት እስክንድርያ የሊቃውንት ከተማ ነበረች። በጥሊሞስ በዚያው ምዕት ዓመት ከአንድ ሺህ በላይ ከዋክብትን የመዘገበው፣ የከዋክብትን ቦታ የሚለኩ ባለ ቀለበት መሣሪያዎችንም የገለጸው እዚያው ነው። ድሜጥሮስ ግን ሱባኤ ያዘ። ጾምና በዓላት ከዕለታቸው እንዳይናወጡ ሽቶ የሌሊት 23፣ የቀን 7 ሱባኤ ገባ። 23ቱ በ7 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ አበቅቴ ነው። 7ቱ በ7 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ 19 ይተርፋል፤ መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። 11ዱ ደግሞ ዝም ብሎ የመጣ ቁጥር አይደለም፤ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን፣ የፀሐይ 365 ቀን ነውና ልዩነታቸው እሱ ነው። (ጨረቃና ፀሐይ በ19 ዓመት እንደሚገጥሙ ግሪኮችም ከእሱ በፊት ያውቁ ነበር።)

ድሜጥሮስ ያረፈው ጥቅምት 12 ነው። ስሌቱን ካህናት እስከ ዛሬ መስከረም 1 ቀን በየቤተ ክርስቲያኑ ያውጃሉ፤ የቅቤ ነጋዴዎች ማስታወሻ ደብተር ይዛችሁ ብትሄዱ አይከፋም።