ግሬስ ሆፐር፦ ለሒሳብ ሠራተኛ የኮምፒውተር ቋንቋ ያበጁ ሴት

ማኅበራችን የአባላትን ቁጠባና ብድር ለዓመታት በእጅ መዝገብ ሲይዝ ቆይቶ አሁን በኮምፒውተር ይሠራል። ከሳሪስ እስከ ጀሞ ያለች አባል ስንት እንደቆጠበችና ስንት ዕዳ እንደቀራት ወዲያው ይታወቃል። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ መንገድ ከጠረጉት ሰዎች አንዷ የሒሳብ መምህርት የነበሩ ሴት ናቸው። ስለዚህ በዚህ እትም የዶክተር ግሬስ ሆፐርን ሕይወት እናካፍላችኋለን። ዘመኖቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግሬስ በ1906 በኒውዮርክ ተወለዱ። በ7 ዓመታቸው የደወል ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ የቤቱን ሰዓቶች አንድ በአንድ ፈታቱ። እናታቸው ሲደርሱባቸው አልከለከሏቸውም፤ ከእንግዲህ አንዱን ብቻ እንዲፈቱ ፈቀዱላቸው። በ1934 ከየል ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ትምህርት ዶክትሬት አገኙ፤ በቫሳር ኮሌጅም ያስተምሩ ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለመግባት ሲያመለክቱ ክብደታቸው ከሚፈለገው አነሰ። በልዩ ፈቃድ በ1943 ገቡ፤ ወደ ሃርቫርድም ተልከው 15 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ማርክ አንድ በተባለው ማስሊያ ማሽን ላይ ሠሩ።

ያን ጊዜ ማሽን የሚታዘዘው በቁጥርና በምልክት ነበር። ሠራተኞቹ ቀደም ብሎ የተሠራን ትእዛዝ ከደብተር ደብተር በእጅ ይገለብጡ ነበር፤ አንድ ቁጥር ከተሳሳተ ሥራው ሁሉ ይበላሻል። የሒሳብ መዝገብ የገለበጠ ሰው ይህን ጣጣ ያውቀዋል። ሆፐር መገልበጡን ለራሱ ለማሽኑ ሰጡት። በ1952 ኤ-ዜሮ የተባለውን ፕሮግራም አዘጋጁ፤ የተቀመጡ ትእዛዞችን በመለያ ቁጥራቸው ፈልጎ አንድ ላይ ያሰባስባል። ዛሬ ኮምፓይለር የምንለው፣ ሰው የጻፈውን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚመልሰው መሣሪያ፣ ከዚህ ተነሣ። መጀመሪያ ግን የሚያምናቸው ሰው ጥቂት ነበር።

በ1953 ኤ-ሁለት የተባለው ተከታዩ ሲወጣ ለደንበኞች ከነምንጭ ጽሑፉ ተሰጠ፤ አሻሽለው መልሰው እንዲልኩም ተጋበዙ። ከጎረቤት እርሾ ተቀብሎ ቡኮ እንደማቡካት ነው፤ ሰጪዋ አይጎድልባትም፣ ነገ ደግሞ እሷ ትቀበላለች።

ሆፐር ቀጥለው የንግድ ቤት ሠራተኛ በምልክት ፈንታ በሚያውቀው ቃል ማሽን ማዘዝ አለበት ብለው ተከራከሩ፤ ፍሎው-ማቲክ የተባለውንም ቋንቋ ሠሩ። በ1959 አንድ ኮሚቴ ኮቦልን ሲያዘጋጅ መሠረቱ በአብዛኛው ይህ ቋንቋ ነበር፤ እሳቸውም አማካሪ ነበሩ። ኮቦል ለደመወዝ፣ ለዕቃ ቆጠራና ለባንክ ሒሳብ የተሠራ ነው። ዛሬ ግኑ ኮቦል የተባለው ኮምፓይለር ማንም ያለ ክፍያ ወስዶ ሊሠራበት፣ ውስጡን ሊያይ፣ ሊያሻሽልና ለሌላ ሊያካፍል የሚችለው ነፃ ሶፍትዌር ነው።

በ1966 ጡረታ ቢወጡም በዓመቱ ተመልሰው ተጠሩ። በሪር አድሚራል ማዕረግ የተሰናበቱት በ1986፣ በ79 ዓመታቸው ነው። በየንግግራቸው 30 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ሽቦ ያድሉ ነበር፤ በሴኮንድ አንድ ቢሊዮንኛ ውስጥ መብራት የሚጓዘውን ርቀት በእጅ ለማስያዝ። በጃንዋሪ 1 ቀን 1992 በ85 ዓመታቸው አረፉ።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ባለፈው ጊዜ የገዛነው የሒሳብ ፕሮግራም የፈቃድ ዘመኑ ሲያልቅ የገዛ መዝገባችንን መክፈት አቅቶን፣ ብድር የጠየቁ እህቶች ሁለት ሳምንት ጠብቀዋል። ነፃ መሣሪያ እንዲህ አይቆለፍም። ነገር ግን ነፃ ነው ማለት ሰው አያስፈልገውም ማለት አይደለም፤ የሚያውቅበት እጅ ይፈልጋል። ስለዚህ ለጋሾቻችን ለፈቃድ ክፍያ የምታስቡትን ለሥልጠና እንድታውሉት፣ አባላትም ሴት ልጆቻችሁን ወደ ኮምፒውተር ክፍላችን እንድትልኩ እንጠይቃለን። ዕቃ ፈታታሽ ብላችሁ የምትቆጧት ልጅ ካለችም እሷን አስቀድሙ።